በክፉ ቀን የጀመራችሁት ጸሎት በሦስተኛው ቀን እንዳይቆም

ጨነቀን፤ ተንበረከክን። የመጀመሪያው ሌሊት አለቀስን፤ ቀለል አለን። በሁለተኛው ቀን መዝሙረ ዳዊቱን ሙሉ ልንደግም ተነሣን፤ ግማሽ ሳንደርስ እንቅልፍ ጣለን። በሦስተኛው ቀን አከራይ ደወለ፤ መጽሐፉ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሸክሙ ሁለት ሆነ። አንዱ ችግሩ ራሱ ነው። ሌላው «እኔ እምነት የለኝም» የሚል ጸጸት ነው።

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በታክሲ ሰልፍ፣ በደረጃ ላይ፣ ቡና ሲጠጣ የምሰማው ይህንኑ ነው። የኔም ታሪክ ነበር። እሠራበት የነበረው ድርጅት ሲዘጋ እናቴ እንዳትደነግጥ ብዬ ሳልነግራት ቀረሁ። ለሦስት ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን አንግቼ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ አመሽ ነበር። በዚያ ጊዜ ጸሎት ስንቴ ጀምሬ ስንቴ እንደተውኩ አልቆጠርኩትም። የት የት ቦታ ላይ እንደምንወድቅ ግን በደንብ አውቄዋለሁ። ቅደም ተከተሉን በዚያ መሠረት አስቀምጬዋለሁ።

መመሪያው የሰባት ቀን ነው። አርባ ቀን አላልኩም። ሰባቱን ጨርሱና ሌላ ሰባት ትጀምራላችሁ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ወንጌላውያን የሆናችሁ «የንስሐ አባት» ስል መጋቢያችሁን ወይም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌያችሁን አስቡ። ሌላው አይለወጥም።

መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ራሳችሁን ለመጉዳት እያሰባችሁ ከሆነ ይህን መመሪያ አትጀምሩ። ዛሬ ማታ ብቻችሁን አትደሩ። አንድ ሰው ጥሩና ነገሩን በግልጽ ቃል ንገሩት። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት፣ የተባይ መርዝ፣ ገመድ እሱ ይዞት ይሂድ። ከዚያ አብራችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሌሊት ቢሆንም ሂዱ። ካህኑም ሐኪሙም ያስፈልጓችኋል። ሐኪሙ ግን ይቅደም።

ቤት ውስጥ የሚመታችሁ ሰው ካለም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ከዚያ ቤት ውጡ። ጸሎቱ የትም ይጸለያል።

ዝግጅት

የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነው።

አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ አትጻፉ። ስልኩ ውስጥ አከራዩም፣ ዕዳ ጠያቂውም፣ ቲክቶኩም አሉ።

አንድ መጽሐፍ ቅዱስ። የመዝሙር ቁጥር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በእኛ አቆጣጠር «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» መዝሙር 22 ነው፤ በሌላው እትም 23 ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥር እየጻፍኩ እሄዳለሁ። ያገኛችሁት መዝሙር ሌላ ከመሰላችሁ አንድ ቁጥር ወደፊት ወይም ወደኋላ እዩ።

አንድ ቦታ። ቤቱ ስቱዲዮ ሆኖ አምስት ሰው የሚተኛበት ከሆነ «ጸጥ ያለ ክፍል» የሚል ምክር አይጠቅማችሁም። በረንዳው ይበቃል። የደረጃው የመጨረሻ ፎቅ ይበቃል። እኔ የተጠቀምኩት በወጥ ቤቱና በመታጠቢያ ቤቱ መካከል ያለችውን ጥግ ነው። ቦታው በየቀኑ አንድ ይሁን። ሰውነት ቦታ ይለምዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ሳምንት አዲስ ስለት አትሳሉ። ጭንቀት ላይ ያለ ሰው ከአቅሙ በላይ ይሳላል። በኋላ ስለቱ ሌላ ዕዳ ይሆናል። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 5 ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል እንደሚሻል ይናገራል። ከአዋጅ ጾምና ከረቡዕ ከዓርብ ውጭ የራሳችሁን ጾምም አትጨምሩ። ታማሚ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆናችሁ ስለ ጾሙ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ብሉና ተኙ (ቅዳሜ ማታ)

ሁላችንም የምንዘልለው ደረጃ ይህ ነው። መንፈሳዊ አይመስለንም።

መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19ን ክፈቱ። ኤልያስ ኤልዛቤልን ፈርቶ ሸሽቷል። ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል» ብሎ ሞትን ለመነ። ክትክታን ከእንጦጦ እስከ የረር የማያውቀው የለም፤ ጥላው እንኳ ሰው በደንብ አይሸፍንም። መልአኩ ሲመጣ አልገሠጸውም፤ ስብከትም አልሰበከለትም። ቀስቅሶ «ተነሥና ብላ» አለው። እንጎቻና ውኃ ራስጌው አኖረለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ እንደገና አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነዋ። ከእግዚአብሔር ጋር የተነጋገረው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው።

እናንተም እንዲህ አድርጉ።

1. ቅዳሜ ማታ ትኩስ ነገር ብሉ። ሽሮም ቢሆን፣ አጥሚትም ቢሆን ይሁን። ከሰው ጋር ብትበሉ ይመረጣል።
2. ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልኩን ሌላ ክፍል አኑሩ። ሌላ ክፍል ከሌለ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገቡት።
3. አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ድገሙ። ሌላ ጸሎት አትጨምሩ።
4. ተኙ።

እንቅልፍ እምቢ ካለ፦ አልጋ ላይ ሆናችሁ ሒሳብ አትሥሩ። ተነሥታችሁ ተቀመጡ። ከመዝሙር 4 «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም» የሚለውን ቀስ እያላችሁ፣ ከትንፋሻችሁ ጋር ድገሙት። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መጥላቱ ወይም ያለ ምክንያት ማልቀሱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ጤና ጣቢያ ሂዱ። በሽታ ሊሆን ይችላል። በሽታ ደግሞ ይታከማል።

ደረጃ 2፦ የችግሩን ስም ጻፉ (እሑድ ከቅዳሴ በኋላ)

«ችግር በዛብኝ» ስም አይደለም። «የኅዳር ኪራይ 4 ሺህ ብር ጎድሎኛል» ስም ነው። «ልጄ ከእኔ ጋር መነጋገር ካቆመ ሦስት ወር ሆኖታል» ስም ነው። «ሐኪሙ ውጤቱን ማክሰኞ ይነግረኛል፤ ፈርቻለሁ» ስም ነው።

ገጹን በመሥመር ለሁለት ክፈሉት። በቀኝ በኩል ዛሬ ወይም ነገ እጃችሁ የሚደርስበትን ጻፉ። በግራ እጃችሁ የማይደርስበትን ጻፉ። ማቴዎስ ምዕራፍ 6 መጨረሻ ላይ «ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል» የተባለው ለዚህ ነው። ጌታ ክፋት የለም አላለም። የዛሬውን ከነገው ለዩ ነው ያለው።

ከሰባት ነገር በላይ አትጻፉ። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥ፣ እንባ ቢመጣ ጻፉ እንጂ አታቁሙ። እኔ የግራው ዓምድ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያ ነገር «እናቴ ስታውቅ የምታሳየኝ ፊት» የሚል ነበር። ሥራው ሁለተኛ ነው የመጣው። እስክጽፈው ድረስ የፈራሁት ያን መሆኑን አላውቅም ነበር።

ደረጃ 3፦ አቤቱታችሁን አቅርቡ (እሑድ ማታ)

ከሁሉም ደረጃ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አንድ ሰዓት ይበቃል።

ወረዳ አቤቱታ ስናስገባ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የጎደለብንን አንድ በአንድ እንዘረዝራለን። እግዚአብሔር ፊት ስንቆም ግን «አንተ ሁሉን ታውቃለህ» ብለን በአንድ ቃል እናልፈዋለን። ውስጣችን ግን አላለፈውም። ቁጣውም ጥያቄውም እዚያው ይቀመጣል። በሦስተኛው ቀን ጸሎቱ አፍ ላይ ብቻ የሚቀረው ለዚህ ነው። ዳዊት ጸሎቱን «አቤቱ» ብሎ ሲጀምር አቤት ማለቱ ነው። አቤት ያለ ሰው ደግሞ የሚናገረው ነገር አለው።

መዝሙር 12 (13)ን አውጡ። አጭር ነው። ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ ጥያቄ ነው፦ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ቀጥሎ ልመና ነው፦ እየኝ፣ ስማኝ፣ ዓይኖቼን አብራ። መጨረሻ ላይ «እኔ ግን» ብሎ ወደ መታመን ይዞራል።

1. መዝሙሩን በእጃችሁ ገልብጡት። ማንበብ ብቻ አይበቃም።
2. ከሥሩ የራሳችሁን «እስከ መቼ» ጻፉ። ከደረጃ 2 ገጽ ላይ ውሰዱ። ቃሉን አታሳምሩት።
3. ቀጥሎ አንድ ልመና ጻፉ። አንድ ብቻ። የሚታይ፣ የሚቆጠር ነገር ይሁን።
4. «እኔ ግን» ብላችሁ ሦስተኛውን ጀምሩ። እውነት የሆነውን ብቻ ጻፉ።
5. ቆማችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ግድግዳው ቀጭን ከሆነ በሹክሹክታ።

የመጀመሪያው አቤቱታዬ እንዲህ ይል ነበር፦ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ውሸታም ሆኜ ከቤት እወጣለሁ? እናቴን የምነግርበት አፍ ስጠኝ። እኔ ግን ዛሬም እዚህ ጥግ ቆሜያለሁ።» ሌላ የምታመንበት ነገር ስላልነበረኝ መቆሜን ጻፍኩ።

«እኔ ግን» የሚለው ካልመጣላችሁ፦ ባዶ ተዉት። መዝሙር 87 (88) ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሮሮ ነው፤ ምስጋና ላይ ሳይደርስ ያልቃል። እሱም ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ አለ። እሑድ ማታ ባዶ የቀረው መሥመር ሐሙስ ሊሞላ ይችላል።

«እንዲህ ብናገር ኃጢአት ይሆንብኛል» ብላችሁ ከፈራችሁ፦ ኢዮብ ምዕራፍ 42ን አንብቡ። ብዙ የተናገረው፣ ብዙ የጠየቀው ኢዮብ ነው። እግዚአብሔር የተቆጣው ግን መልስ ሁሉ አለን ባሉት በወዳጆቹ ላይ ነው።

ቃል ጭራሽ ካልወጣ፦ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ በሉ። በመቁጠሪያ ወይም በጣታችሁ ቁጠሩ። ሮሜ ምዕራፍ 8 እንዴት እንደምንጸልይ ባናውቅ መንፈስ ራሱ በመቃተት እንደሚማልድልን ይናገራል። መቃተት ብቻ ያላችሁ ሰዎች በዚያ ምዕራፍ ተቆጥራችኋል።

ደረጃ 4፦ አሥራ አምስት ደቂቃ (ከሰኞ ጀምሮ)

ከፍ አድርጋችሁ አትጀምሩ። በመዝሙረ ዳዊት የሳምንት አከፋፈል የሰኞው ድርሻ ብቻ 30 መዝሙር ነው። ለለመደው ሰው ደስታ ነው። በጭንቀት ውስጥ ሆኖ ለሚጀምር ሰው ግን መውደቂያ ነው። ውዳሴ ማርያም የምታደርሱ ከሆነ አታቋርጡ። ያልለመዳችሁ የዕለቱን ክፍል ቀስ ብላችሁ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሩ።

ከዚህ አካባቢ ቦሌ ወይም መገናኛ የሚሄድ ሰው ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሰዓታችሁን ከመውጫችሁ 20 ደቂቃ በፊት አድርጉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. ፊታችሁን ታጠቡ። ውኃ በፈረቃ ከሆነ ማታ አንድ ኩባያ አስቀሩ።
2. አማትባችሁ ቁሙ። አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ። «የዕለት እንጀራችንን» የሚለው ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። የተባለው የዕለት ነው፤ የወር አይደለም።
3. የቀኑን መዝሙር አንዴ በድምፅ አንብቡ።
4. እሑድ የጻፋችሁትን አንድ ልመና አንብቡ።
5. ሦስት ደቂቃ ዝም በሉ። ሐሳብ ይመጣል፤ ይምጣ።
6. በደብተሩ ላይ አንድ መሥመር ጻፉ። ቀኑን አትርሱ።

የሰባቱ ቀን መዝሙር፦ ሰኞ 12 (13)፣ ማክሰኞ 41 (42)፣ ረቡዕ 26 (27)፣ ሐሙስ 22 (23)፣ ዓርብ 50 (51)፣ ቅዳሜ 120 (121)፣ እሑድ 102 (103)።

የቅዳሜውን ውጭ ሆናችሁ አንብቡት። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» ይላል። ከእኛ ሰፈር የረር ይታያል፤ እናንተ ጋ እንጦጦ ወይም ፉሪ ይታይ ይሆናል። ተራራውን እያያችሁ ጥያቄውን ጠይቁ፦ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ? መልሱ ከተራራው አይደለም፤ ሰማይና ምድርን ከሠራው ነው።

ማለዳው ካመለጣችሁ፦ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቁጥር 2ንና 4ን በልባችሁ አድርሱ። ሌላውን ማታ ሙሉት። ሰልፉ አርባ ደቂቃ የሚፈጅበት ቀን አለ፤ በዚያ ጊዜ ስልክ ላይ መጥፎ ዜና ከመልቀም ይህ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ አራት ሰው ፈልጉ (እስከ ሐሙስ)

ዳር ከተማ የምንኖር ሰዎች ትልቁ ክፍተታችን ይህ ይመስለኛል። ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ ልደታ ሳለን ብቻችንን መጨነቅ አይቻልም ነበር። ፊታችን ሲጠቁር ጎረቤት ያየን ነበር። እድሩ፣ ማኅበሩ፣ የንስሐ አባቱ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነበሩ። እዚህ ስንመጣ ቁልፍ ተሰጠን፤ በሩ ብረት ሆነ። የፊት ለፊት በር ጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው አውቃለሁ።

ማርቆስ ምዕራፍ 2 ላይ ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡት። ሰው በዝቶ መግቢያ ቢያጡ ጣሪያውን ነድለው አወረዱት። ወንጌሉ ጌታ «እምነታቸውን አይቶ» ይላል። የተሸካሚዎቹን እምነት ጨምሮ ነው። የእናንተ እምነት የደከመ ቀን የሌላው እምነት ይሸከማችኋል። ለዚያ ግን መጀመሪያ መታመማችሁን ማወቅ አለባቸው።

አንደኛው፦ የንስሐ አባት። የቀድሞው አባታችሁ ሩቅ ከሆኑ ደውሉላቸው። «አባቴ፣ ሰፈር ቀይሬያለሁ፤ እዚህ የሚያዩኝ አባት ልያዝ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ደስ እያላቸው ይፈቅዳሉ። አዲስ አባት ስትፈልጉ በእሑድ ወይም በንግሥ ቀን አትሂዱ፤ ሰዉ ይከባቸዋል። በአዘቦት ቀን፣ አገልግሎት እንዳበቃ ሂዱ። መስቀል ከተሳለማችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቃላችሁ ይህ ይሁን፦ «አባቴ፣ ችግር ላይ ነኝ። አሥር ደቂቃ ይስጡኝ።» ጊዜ ከሌላቸው ቀን እንዲቆርጡላችሁ ለምኑ። ቀን ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ።

ሁለተኛው፦ ደረጃ የምትጋሩት ሰው። ቡና አፍሉና ጥሩ። ፈንዲሻ ባይኖር ቆሎ ይበቃል። እኔ ከታች ፎቅ ያሉትን እትዬን ነበር የጠራሁት። ሁለተኛው ስኒ ላይ «እትዬ፣ ሥራ ከፈታሁ ወር ሊሞላኝ ነው፤ እማዬ አታውቅም» አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ስትወጪ ስትገቢ አይሽ ነበርኮ። እንዳልጠይቅሽ ፈራሁ» አሉኝ። ሁለታችንም ፈርተን ነበር ማለት ነው። በማግሥቱ ለእናቴ ስነግር አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። የፈራሁት ፊት አልመጣም። እናቴ ያዘነችው ብቻዬን በመሆኔ ነው።

ሦስተኛው፦ ሩቅ ያለ ወዳጅ ወይም ዘመድ፣ በስልክ።

አራተኛው፦ ስብስብ። ሰንበት ትምህርት ቤት፣ የጽዋ ማኅበር፣ ወንጌላውያን ከሆናችሁ የቤት ለቤት ጸሎት። ሰፈራችሁ የ12 ወይም የ21 ማኅበር መኖሩን ቤተ ክርስቲያን ጠይቁ። ድግሱን ማውጣት ስለማትችሉ አትቅሩ። ሁኔታችሁን ለሙሴው (ለማኅበሩ መሪ) ንገሩና ተራችሁን ወደኋላ ያድርጉላችሁ።

ስትነግሩ ሁለት ነገር ለምኑ። አንዱ በታወቀ ሰዓት እንዲጸልዩላችሁ። ሌላው በታወቀ ቀን እንዲደውሉላችሁ። «ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት ላይ ደውዪልኝ» በሉ። «እንደዋወል» ካላችሁ ማንም አይደውልም። የገንዘብ ነገር ካለ ለብቻው፣ በሌላ ቀን አንሡት።

ሰውየው ምሥጢራችሁን ካወጣ፦ ያማል። ግን አራት ሰው የፈለግነው አንዱ ሊወድቅ ስለሚችል ነው። ሦስቱን ያዙ።

«ኃጢአት ቢኖርብሽ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ፦ አትከራከሩ። ዮሐንስ ምዕራፍ 9ን ለራሳችሁ አንብቡ። ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሏቸዋል። ንስሐ ካለ ከአባታችሁ ጋር ይታያል። ደረጃ ላይ አይታይም።

ደረጃ 6፦ በቀን አንድ ሥራ

ከደረጃ 2 ገጽ የቀኝ ዓምድ በየቀኑ አንድ ነገር ሥሩ። አንድ ብቻ፣ እስከ ቀትር።

ነህምያን ተከተሉ። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሰምቶ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ከኪስሌው እስከ ኒሳን፣ አራት ወር ያህል ቆየ። ንጉሡ ፊቱ ለምን እንደጠቆረ ሲጠይቀው እጅግ ፈራ። ፈርቶም ተናገረ። ንጉሡ «ምን ትለምናለህ?» ሲለው እዚያው ቆሞ በልቡ ጸለየና ዝርዝሩን አቀረበ። የሚቆይበትን ጊዜ ቆረጠ። ለገዦቹ ደብዳቤ፣ ለበሩ እንጨት ጠየቀ። አራቱ ወር ባዶ አልነበረም፤ የሚጠይቀውን አውቆ ጨርሷል።

አከራይ ጋ ስትሄዱ እንዲሁ አድርጉ። ከመደወላችሁ በፊት የምትችሉትን ብርና ቀን ወረቀት ላይ ጻፉ። በር ላይ አማትቡ። ከዚያ እንዲህ በሉ፦ «ጋሼ፣ የዚህ ወር ሙሉውን አልቻልኩም። ይኸው ግማሹ። ቀሪውን በ15 አመጣለሁ።» ከቻላችሁ ያላችሁትን ቀን አሳልፋችሁ አታመላልሱት። እምቢ ካለም ቁርጡን አውቃችሁ ወደ ሚቀጥለው ሥራ ትሄዳላችሁ። ስልክ አጥፍቶ መደበቅ ከሁሉም ይብሳል፤ ሞክሬዋለሁ።

እጃችሁ የሚደርስበት ነገር አንድም ከሌለ፦ ቤት ጥረጉ። ልብስ እጠቡ። እንደ ሥራ ቁጠሩት።

ደረጃ 7፦ ለአንድ ሰው አንድ ነገር

በሳምንት አንዴ የሌላ ሰው ሸክም ያዙ። ለአንዲት እናት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ማድረስ ይበቃል። ለማንም አትናገሩ።

ደረጃ 8፦ የሰባተኛው ቀን ንባብ

እሑድ ማታ ሰባቱን መሥመር ከላይ ወደ ታች አንብቡ። ሦስት ነገር ፈልጉ። የተመለሰ ነገር ካለ ክበቡት። ሰው ያደረገላችሁ ነገር ካለ ከሥሩ አስምሩ። ፍርሃታችሁ ከተለወጠ አዲሱን ስም ጻፉ። የኔ ፍርሃት ከ«እናቴ» ወደ «ገንዘብ» የተለወጠው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ገንዘብ ከሰው ፊት ይቀላል። ሥራ ያገኘሁት ግን በአምስተኛው ወር ነው።

ሲበላሽ

«ሁለት ቀን ዘለልኩ።» ያለፈውን አትክፈሉ። ሦስት መዝሙር በአንድ ቀን ለማካካስ አትሞክሩ። የዛሬውን ቀን መዝሙር አንብቡና ቀጥሉ። መናው ለዕለቱ ነበር የሚለቀመው፤ ያሳደሩት ተልቶ ነበር።

«ምንም አይሰማኝም።» ስሜት አትጠብቁ። ቆማችሁ ከሆነ፣ ካነበባችሁ፣ ከጻፋችሁ፣ የዕለቱ ሆኗል። ልቤ የደረቀባቸው ሳምንታት ነበሩ። ደብተሩ ላይ «ዛሬም ደረቅ» ብዬ ጽፌያለሁ። እነዚያ ገጾች ዛሬ በጣም ይጠቅሙኛል።

«ጸሎት ጀምሬ ነገሩ ባሰ።» ዮሐንስ ምዕራፍ 11ን ሙሉ አንብቡ። ማርታና ማርያም ወደ ጌታ ላኩ፤ ወንድማቸው ግን ሞተ። ጌታ ሲደርስ አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። ማርታ «ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አለችው። አልገሠጻትም። ማርያምም ያንኑ አለችው፤ እሱም አብሮ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ነው መቃብሩ የተከፈተው። በዚያ ቀን ወደ ደረጃ 3 ተመለሱና አዲስ አቤቱታ ጻፉ። በዚያው ሰዓት ከአራቱ ለአንዱ ደውሉ።

ጸበልና መድኃኒት። ጸበል የምትጠመቁ ከሆነ ሐኪም ያዘዘላችሁን አታቋርጡ። የኤች አይ ቪ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ መድኃኒት አንዱንም በራሳችሁ አታቁሙ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚወሰዱ በአደባባይ ተናግረዋል። መድኃኒቱን በጸበሉ መዋጥ ትችላላችሁ። ጸበል ቦታ መድኃኒቱን ጣሉ የሚላችሁ ሰው ካለ ከአጠገቡ ራቁ።

ገንዘብ የሚጠይቅ «ትንቢት»። ሳታውቁት ደውሎ ወይም መንገድ ላይ አስቁሞ «ታይቶልኛል» የሚል፣ ቀጥሎም የባንክ ቁጥር የሚሰጥ ሰው ይበዛል። የተጨነቀ ሰው ከፊቱ ስለሚታወቅ ነው። ምንም አትላኩ። ስማችሁን ቢያውቅም አትላኩ። ወዲያው ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለመጋቢያችሁ ንገሩ።

ሁለተኛው ሳምንት

ሰኞ ጠዋት አዲስ ገጽ ግለጡ። ቀኑን ጻፉ። አቤቱታውን እንዳለ አትገልብጡት፤ የተለወጠውን ለውጡ። ልመናው ያው ከሆነ ያው ይሁን። መዝሙሮቹን ከሰኞው እንደገና ጀምሩ። ከአራቱ ሰዎች ያልተገኘው ካለ በዚህ ሳምንት ፈልጉት። ቡናው ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ አብዛኛው ሰው ቤቱ ነው።